አልነሳ ያለ ፋየርዎል፦ ከራንድል ቤዝመንት የተገኘ ትምህርት



እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ተማሪ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ውጭ አገር ያደግን ልጆች ሳንቀጠር የቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያዎች እንደሆንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመጣውን ደብዳቤ የምናነበው እኛ፣ ፎርም የምንሞላው እኛ፣ ዋይፋይ ሲጠፋ ከእንቅልፍ የምንቀሰቀሰው እኛ ነን። ስለዚህ ባለፈው ጥር ቤታችን ውስጥ የገጠመንን ችግርና እንዴት እንደፈታነው በቅደም ተከተል ልጽፍላችሁ ነው። ጉዳዩ ውስጡ ያለው ማከማቻ ተበላሽቶ አልነሳ ስላለ ፋየርዎል ነው። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ መሣሪያ ሲሞት ሌላ ይገዛል፤ ውስጡ የነበረው ሴቲንግ ግን ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ አብሮ ይሞታል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ቤታችን ራንድል ነው። የካልጋሪን ሰሜን ምሥራቅ ለምታውቁ፣ ከ36ኛ ጎዳና በስተምሥራቅ፣ ከሳንሪጅ የገበያ ማዕከልና ከፒተር ሎሂድ ሆስፒታል ማዶ ማለት ነው። እማዬ የሕክምና አስተርጓሚ ናት። ከቤት ሆና በስልክና በቪዲዮ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል አማርኛና እንግሊዝኛ ታስተረጉማለች። ሥራው ምስጢር መጠበቅን ይጠይቃል። ስለዚህ የሥራ ኮምፒውተሯ ከቤቱ ቴሌቪዥን፣ ከስልኮቻችንና ከጌም ማጫወቻው ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ እንዳይሆን ውል ፈርማለች።

ታላቅ ወንድሜ ለዚህ ብሎ ትንሽ ያገለገለ ፋየርዎል ገዛና ሁለት ኔትወርክ አዘጋጀ፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ ሌላው ለእማዬ ሥራ ብቻ። ፋየርዎል ማለት በቤታችሁና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚል የበር ዘበኛ ነው። ዘበኛው የሚሠራበት ደንብ የተጻፈው ውስጡ ባለው ማከማቻ ላይ ነው። ከዚያ ወንድሜ ሥራ አግኝቶ ኤድመንተን ሄደ። ለበዓል ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ከማየቱ በቀር ፋየርዎሉ ቤዝመንት መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት ያህል ብቻውን ሠራ።

አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ተመለሰ። ሁሉም ነገር ሲበራ ኢንተርኔት ግን አልመጣም። ቤዝመንት ስወርድ የፋየርዎሉ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ነቀልኩት፣ ሰካሁት። አሁንም አልነሳም። እንደገና ነቀልኩት። በመጨረሻ ወደ ኤድመንተን ደወልኩ።

«ስንት ጊዜ ነቀልሽው?» አለኝ ወንድሜ።

«አራት ጊዜ።»

«በቃ፣ ለአምስተኛ ጊዜ እንዳትነቅዪው። አሁን አትንኪው።»

ምክንያቱን በኋላ ነገረኝ። መሣሪያው በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ። በመሞት ላይ ያለ ማከማቻ ደግሞ በእያንዳንዱ የመነሳት ሙከራ የቀረውን አቅም ይጨርሳል። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፦ አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩ፤ ካልተነሳ መመርመር ጀምሩ።

እማዬ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ» አለች። ስለ ማን እንደሆነ አትነግረንም፤ እኛም አንጠይቃትም። ግን ከቀጠሮው ማዶ ሐኪሙ የሚለው የማይገባው አንድ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ ሕመምተኛውን አረጋጉ

ክሊኒካል ልምምድ ላይ የተማርኩት ነገር እዚህ ጠቀመኝ። የበሽታውን ስም ከመፈለግ በፊት ሰውየው እንዲተነፍስ ማድረግ ይቀድማል። ለቤታችን መተንፈስ ማለት ኢንተርኔት ነበር፤ ለጥገናው የሚያስፈልገውን ነገር ለማውረድም ቢሆን።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፋየርዎል ያለበት ቤት ውስጥ የኢንተርኔት ድርጅቱ ሞደም ብዙውን ጊዜ «ብሪጅ ሞድ» በሚባል ሁኔታ ላይ ይደረጋል። ያን ጊዜ ሞደሙ ራሱ ምንም አይከላከልም፤ የመጣውን እንዳለ ያሳልፋል። ፋየርዎሉን አንስታችሁ ላፕቶፕ በቀጥታ ብትሰኩበት ላፕቶፑ ያለ ዘበኛ ደጅ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የሞደሙ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ ብሪጅ ሞድን አጥፉና ወደ ራውተርነቱ መልሱት። እኛ ይህን ለማድረግ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ያኔውኑ ሁለተኛ አማራጭም ያዝን። እስከ እሑድ ማታ ካልተስተካከለ እማዬ በሽቦ ሞደሙ ላይ ትሰካለች፤ እኛ ሁላችን የእንግዳ ዋይፋይ ላይ እንሆናለን፤ እሷም ለአለቃዋ አሳውቃ ፈቃድ ትጠይቃለች። የእንግዳ ዋይፋይ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ኔትወርክ የተለየ ነው። እንደ ፋየርዎሉ አስተማማኝ ባይሆንም ከምንም ይሻላል።

ምርመራው

ነርሲንግ ውስጥ የምንከተላቸው አምስት ደረጃዎች አሉ፦ መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ ውጤቱን መገምገም። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በዚሁ ቅደም ተከተል ሠራነው።

በመጀመሪያ የኃይል ምንጩን አየን። ብዙ ጊዜ የሞተ የሚመስለው መሣሪያ የሞተበት አዳፕተሩ ብቻ ነው። ሌላ አዳፕተር ስትሞክሩ ቮልቱ እኩል፣ የሶኬቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀማመጥ አንድ ዓይነት፣ አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የእኛው ደህና ነበር።

ቀጥሎ ኮንሶል ነው። አብዛኞቹ ፋየርዎሎች ከኔትወርክ ቀዳዳዎቹ ሌላ «ኮንሶል» የሚል አንድ ቀዳዳ አላቸው። ከላፕቶፕ ጋር በኬብል ይገናኛል። ዊንዶውስ ላይ ፑቲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ፍጥነቱን በመመሪያው ላይ ባለው ቁጥር ትሞላላችሁ፤ የእኛው 115200 ነበር። ፍጥነቱ ከተሳሳተ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ይመጣል። ከተስተካከለ መሣሪያው ሲነሳ የሚያደርገውን ሁሉ መስመር በመስመር ይነግራችኋል። እስከዚያ ሰዓት እኔ የማየው ብርቱካናማ መብራት ብቻ ነበር፤ ኮንሶሉ ሲከፈት ሕመምተኛው መናገር ጀመረ።

የምታዩት ነገር ከሦስቱ አንዱ ነው፦

አንደኛ፣ ምንም ጽሑፍ የለም። ኬብሉና ፍጥነቱ ትክክል ሆኖ ዝም ካለ ችግሩ ከማከማቻው በፊት ነው፤ ኃይል ወይም ዋናው ቦርድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲስኮ በአንዳንድ መሣሪያዎቹ ውስጥ ያለ የሰዓት ምልክት የሚሰጥ ክፍል ከ18 ወር ገደማ አገልግሎት በኋላ መበላሸት ሊጀምር እንደሚችል አስታውቆ ነበር። ያ ክፍል ሲሞት መሣሪያው ፈጽሞ አይነሳም። እንዲህ ላለው ችግር ዲስክ ብትቀይሩ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይመጡና የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ይህ ወደ ማከማቻው ይጠቁማል።

ሦስተኛ፣ ሲስተሙ መነሳት ይጀምርና መሃል ላይ ዋናውን ፋይል ሲስተም መክፈት አቅቶት ይቆማል። ይህ ወይ የፋይሎቹ መበላሸት ነው፣ ወይ የማከማቻው ራሱ መሞት። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው በፋይል ማስተካከያ ትእዛዝ ሊድን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን አይድንም።

የእኛው ሦስተኛው ነበር። ሶፍትዌሩ እንደ ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ በፍሪቢኤስዲ ላይ የተሠራ ነው። የስህተት ቁጥር 19 አሳይቶ «ከየት ልነሳ?» የሚል መጠየቂያ ላይ ቆመ። ወንድሜ በስልክ «የጥያቄ ምልክት ጻፊና ኢንተር በዪ» አለኝ። ይህ መሣሪያው የሚያያቸውን ዲስኮች ይዘረዝራል። ከዚያ በፊት አንድ ፍላሽ እንድሰካ አድርጎኝ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ፍላሹ አለ፤ የውስጡ ማከማቻ ግን የለም። ስለዚህ ችግሩ ፋይል መበላሸት ብቻ አልነበረም፤ ማከማቻው ራሱ መልስ መስጠት አቁሟል።

የቀረውን ለማረጋገጥ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን አንድ ሰዓት አሳረፍነውና ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ አስነሳነው። ማከማቻው ከብዙ ጥበቃ በኋላ ታየ። ኤምኤምሲ ዩቲልስ የሚባል ፕሮግራም የማከማቻውን የዕድሜ ግምት ከራሱ ከማከማቻው ያነባል። ግምቱ ከ1 እስከ 11 ይቆጠራል፦ 1 ማለት ከዕድሜው እስከ 10 በመቶው ብቻ ተበልቷል፣ 10 ማለት ከ90 እስከ 100 በመቶው አልቋል፣ 11 ማለት ከተገመተለት ዕድሜ በላይ ኖሯል ማለት ነው። የእኛው 11 ነበር። የሴቲንጉን ፋይል ለመቅዳት ሞከርን፤ መሃል ላይ አላነብም ብሎ ቆመ።

ለምን ሞተ?

በብዙ ትናንሽ ፋየርዎሎች ውስጥ ያለው ማከማቻ ኢኤምኤምሲ ይባላል። ቦርዱ ላይ በብየዳ የተጣበቀ አነስተኛ ቺፕ ነው። እያንዳንዱ የማስታወሻ ክፍል ተደምስሶ እንደገና የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ልክ ደብተር ላይ በእርሳስ ጽፎ እየደመሰሱ እንደመጻፍ ነው፤ ወረቀቱ አንድ ቀን ይቀደዳል።

ሒሳቡን እንየው። ማከማቻው 8 ጊጋባይት ቢሆንና እያንዳንዱ ክፍል 3,000 ጊዜ መጻፍ ቢችል በጠቅላላው 24,000 ጊጋባይት ይችላል። ፋየርዎሉ ሎግና የትራፊክ ግራፍ እየመዘገበ በቀን 10 ጊጋባይት ቢጽፍ፣ ቺፑም በውስጥ አሠራሩ ምክንያት ያንን እጥፍ ቢያደርገው፣ በቀን 20 ጊጋባይት ይሆናል። 24,000ን ለ20 ስናካፍለው 1,200 ቀን ነው፤ ከሦስት ዓመት ትንሽ የሚበልጥ። ማንም ሳይነካው፣ ቆሞ እየሠራ ያልቃል። የመብራቱ መጥፋት የመጨረሻው ግፊት እንጂ ዋናው በሽታ አልነበረም።

ይህ የፋየርዎል ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴስላ ወደ 135,000 የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር። በመኪናው ማሳያ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ባለ 8 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ በየጊዜው በመጻፍ ብዛት ሲያልቅ ማሳያው ይጠፋል፤ የኋላ ካሜራውም አብሮ ይሄዳል።

ጥገናው

የተበየደውን ቺፕ ቤት ውስጥ መቀየር አይቻልም። መሣሪያውን መጣል ግን የግድ አይደለም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ኤም ዶት ቱ የሚባል ባዶ ማስገቢያ አላቸው። እሑድ ጠዋት ሄጄ ትንሽ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። የትኛውን እንደሚቀበል ከመመሪያው ላይ አንብቡ።

ከዚያ እንዲህ ሠራን፦

1. የፋየርዎሉን ሶፍትዌር በላፕቶፕ አውርደን የፋይሉን የማረጋገጫ ቁጥር ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳከርን። ከዚያ በሩፎስ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፍነው። ፋይሉን ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ መለጠፍ ብቻ አይበቃም።

2. ኃይሉን ነቅለን ክዳኑን ከፈትን። የካልጋሪ ክረምት አየር ደረቅ ስለሆነ ሹራብ ለብሶ ምንጣፍ ላይ የሄደ ሰው ጣት ብልጭታ ይተፋል። ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት መሬት የነካ ብረት ንኩ።

3. ኤስኤስዲውን አስገብተን፣ ባዮስ ውስጥ ገብተን አሮጌውን ኢኤምኤምሲ ዘጋነው፤ መነሻውንም ወደ አዲሱ ዲስክ ቀየርን። አሮጌው ካልተዘጋ መሣሪያው ሊያነበው ሲሞክር ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።

4. ከፍላሹ አስነስተን አዲሱ ዲስክ ላይ ጫንን። ይህ ራሱ አሥር ደቂቃም አልፈጀም።

እዚህ ስንደርስ መሣሪያው ተነሳ፤ ነገር ግን ባዶ ነበር። ዘበኛው ተመልሷል፣ ማንን እንደሚያስገባ ግን አያውቅም።

የእማዬ ደብተር

ወንድሜ ኢሜሉን ሲፈልግ የሴቲንጉን አንድ ባክአፕ አገኘ። የ14 ወር ዕድሜ ነበረው። መለስነው፤ ሁለቱም ኔትወርኮች መጡ። እማዬ ለሙከራ ስትገባ ቪዲዮው ሠራ። የሥራ ስልኩ ግን ችግር ነበረበት፦ እሷ የምትለው ይሰማል፣ ከዚያ ወገን የሚመጣው ድምፅ ግን ለእሷ አይሰማም። አስተርጓሚ ለሆነ ሰው የሚሰማው ግማሽ ከሆነ ምንም አልተሠራም።

ወንድሜ ስልኩ ሲገዛ አንድ ነገር እንደቀየረ ትዝ አለው፤ ምን እንደሆነ ግን ረሳው። «የት ነበር? ምን ነበር የነካሁት?» እያለ ሲጨነቅ እማዬ ወደ ላይ ወጥታ አንድ ደብተር ይዛ ወረደች። እማዬ በሥራዋ መጻፍ ልማዷ ነው። የሕመምተኛ ማስታወሻ ሥራው እንዳለቀ ቀዳ ትጥለዋለች፤ የቤቱን ደብተር ግን አትጥልም። የፋሲካ ሰሞን ገጽ ላይ በራሷ እጅ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ልጄ ለአዲሱ ስልክ ናት የሚባለው ቦታ ገብቶ ፖርቱ እንዳይቀየር አደረገ። የስልኩ ቁጥር መጨረሻው 40።»

ናት ማለት የቤቱን ብዙ መሣሪያዎች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የሚያስወጣው አሠራር ነው። ፋየርዎሉ ሲያስወጣቸው የፖርት ቁጥራቸውን ይቀይራል፤ አንዳንድ የኢንተርኔት ስልክ ደግሞ ቁጥሩ ሲቀየር የተመላሹን ድምፅ ያጣል። 40 ያለችው የስልኩ አድራሻ መጨረሻ ነው። ደንቡን በሦስት ደቂቃ መልሰን አስገባነው። እማዬ «እንደው ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ነው የጻፍኩት» አለች።

ነርሲንግ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚነግሩን አንድ አባባል አለ፦ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ከዚያ ምሽት በፊት ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

መገምገም

መሣሪያ ተነሳ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ከመተኛታችን በፊት አራት ነገር አየን፦ ከቤተሰቡ ዋይፋይ ወደ እማዬ ሥራ ኮምፒውተር ለመግባት ሞከርን፤ እንደሚገባው አልተቻለም። ሞደሙን ወደ ብሪጅ ሞድ መልሰን ኢንተርኔቱን ፈተሽን። ፋየርዎሉን በሥርዓት አጥፍተን ሁለት ጊዜ አስነሳነው። በመጨረሻም ፓስወርዶቹን ሁሉ ቀይረን አዲስ ባክአፕ ወሰድን።

እናንተ በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ?

የፋየርዎላችሁን ወይም የራውተራችሁን ሴቲንግ ባክአፕ አድርጉና ከመሣሪያው ውጭ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ፋይሉ ውስጥ ፓስወርድ ስለሚኖር በምስጢር ቁልፍ ይዘጋ። አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ውሰዱ።

ኢኤምኤምሲ ካለው ሎጉን ቀንሱ፣ ጊዜያዊ ፋይሎች በራም ላይ እንዲጻፉ አድርጉ፣ ብዙ የሚመዘግቡ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን አትጫኑበት። የዕድሜ ግምቱንም በዓመት ሁለት ጊዜ እዩ።

ኮንሶል ኬብሉንና የተዘጋጀ ፍላሽ ከመሣሪያው አጠገብ በፌስታል አድርጋችሁ አንጠልጥሉ። በችግር ሰዓት ኬብል ፍለጋ መሳቢያ መገልበጥ ጊዜ ይበላል።

ዩፒኤስ አድርጉበት። በተለይ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ላሉ ዘመዶቻችሁ ራውተር ወይም ፋየርዎል የምትልኩ ከሆነ፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚቋረጥ አነስተኛ ዩፒኤስ አብራችሁ አስቡ። ባክአፑም በእናንተ ዘንድ ይኑር።

በመጨረሻም ደብተር ይኑራችሁ። በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ቀኑንና የተቀየረውን ነገር በአንድ መስመር ጻፉ። ያዘጋጀው ሰው ኤድመንተን ሊሄድ ይችላል፤ ሊረሳም ይችላል።

ሰኞ ጠዋት ለክላስ ስወጣ የእማዬ ክፍል በር ተዘግቶ ነበር። ከውስጥ ድምጿ ይሰማል፤ ትናገራለች፣ ዝም ብላ ትሰማለች፣ ትናገራለች። ምን እንደምትል ለመስማት አልቆምኩም። ጫማዬን አድርጌ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

ጥያቄ ያላችሁ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አግኙኝ፤ ኮንሶል ኬብሉን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው። ሰላም ሁኑ።